ስሊም ወይስ ስኪኒ?

ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ጂንስ ስንመርጥ የአክስቴ ልጅ ከውጭ የመጣችውን እንግዳችንን ሊያሞግስ «ዩ አር ስኪኒ» አላት። ፊቷ ቅጭም አለ። አቦ፣ እሱ እኮ ሱሪው ላይ ያነበበውን ነው ያላት!

ስሊምም ስኪኒም በእንግሊዝኛ ቀጭን ማለት ናቸው። ስሊም ግን ሸንቃጣ እንደማለት ነው፤ ያስደስታል። ስኪኒ የመጣው ቆዳ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቆዳና አጥንት ብቻ የቀረ፣ ከሲታ፣ የሚል ስሜት አለው። ለሱሪ ሲሆን ነውር የለውም፤ እግር ላይ ጥብቅ የሚል ማለት ነው፣ ከስሊሙም ይብሳል።

ስሊም ሌላም ቦታ ይገባል። «ስሊም ቻንስ» ሲሉ የመነመነ ዕድል ማለታቸው ነው። እዚያ ስኪኒ አይባልም።

ለሰው ከሆነ እኔ ስሊምን እመርጣለሁ። ከሲታ መባል ያማል፤ በተለይ ከበሽታ ለተነሳ ሰው።