ወደ ብስክሌት ለተመለሰ ጎልማሳ የሚበጀው መጽሔት የትኛው ነው?

ከሃያ ዓመት በላይ ርቄው ወደ ኖርሁት ብስክሌት የተመለስሁት ባለፈው መስከረም ነው። ኮምቦልቻ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ያረፈች ከተማ በመሆኗ፣ እግሬ ፔዳል መድረስ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የማስተማር ሥራ እስከ ያዝሁ ድረስ ከብስክሌት ወርጄ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ ለአንድ ፌርማታ መንገድም ባጃጅ መጥራቱ አስረሱኝ። በአርባ ሰባት ዓመቴ ያገለገለ ብስክሌት ከአንድ ጎረቤቴ ገዝቼ ጠዋት ጠዋት በቦርከና ወንዝ አቅጣጫ መንዳት ጀመርሁ። በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ ጉልበቴ ከሎሚው ሥር ይወጋኝ ያዘ። ዕድሜ ነው ብዬ ብስክሌቱን መልሼ ልሸጠው ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

ይህን ግምገማ የምጽፈው፣ በዚያ ሰሞን የሚያስፈልገኝ ምክር የት እንደሚገኝ የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ነው። በአማርኛ አግኝቼ ያነበብሁት የብስክሌት ጽሑፍ ሁሉ የውድድር ዜና ነበር። እንግሊዝ አገር የሚኖር የእህቴ ልጅ ችግሬን በስልክ ሲሰማ፣ ከጓደኞቹ የሰበሰባቸውን ያረጁ የብስክሌት መጽሔቶች ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከልኝ፤ የቀሩትን በስልኬ አነበብኋቸው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ማታ ማታ ሳነብ የተጠቀምሁበት መመዘኛ አንድ ብቻ ነበር፤ መጽሔቱን አጥፌ ስነሣ፣ አሁን ባለችኝ ብስክሌትና አሁን ባለኝ ጉልበት ነገ ጠዋት የማደርገው ነገር ሰጥቶኛል ወይ? ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ብስክሌት ለተመለሰ ሰው መጽሔት ሊሠራለት የሚገባው ዋና ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም አንጋፋው ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ የሚታተመው «ሳይክሊንግ ዊክሊ» ነው። የውድድር ወዳጅ የሆነ አንባቢ ይህን ቢይዝ አይቆጨውም፤ የመቐለው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደስ ያለው ሰው ሁሉ፣ ስለዚያ ዓለም የሚነግረው ጽሑፍ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ግን የልምምድ ምክሩ ገና ያልደረስሁበት ደረጃ ላይ የተጻፈ ነው። ከውድድር ጽሑፎች ያተረፍሁት አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ነው። በየጊዜው ስሙ የሚነሣው የፈረንሳዩ የአልፕ ዱዌዝ ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 መታጠፊያ ያለው ሲሆን፣ የሚያበቃው ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህም የኮምቦልቻ ከፍታ ማለት ነው። እነርሱ ዳገቱን ጨርሰው እጃቸውን ከሚያነሡበት ከፍታ ላይ ነው እኛ ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ዳገት የምንጀምረው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በፒሬኔ ተራሮች ታዋቂ የሆነውን 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱርማሌን ዳገት በብዙ ትበልጠዋለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ለሚነዳ ሰው የተዘጋጀውን የፍጥነት ሰንጠረዥ አይቶ ራሱን ደካማ ነኝ የሚል የወሎ ሰው ካለ፣ ሰንጠረዡ ለእርሱ አልተጻፈምና ልቡ አይሰበር።

የአንድ ሰው የዓመታት ደመወዝ ስለሚያወጡ የካርቦን ብስክሌቶች ገጽ በገጽ የሚያወሩትን አንጸባራቂ መጽሔቶች ብዙም አላነሣቸውም። ከመካከላቸው በአንደኛው ለጀማሪዎች ተብሎ የቀረበው ብስክሌት እንኳ የእኔን መሰል ብዙ ብስክሌት ይገዛል። ይህን ያነበብሁ ዕለት ማታ፣ ብስክሌቴን ግቢው ውስጥ ሳያት እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጉድለት ሆና ታየችኝ። አንድ ሰው ያለውን ነገር እንዲንቅ የሚያደርግ ጽሑፍ፣ ብስክሌቱን ከግድግዳው አንሥቶ እንዲወጣ አያደርገውም።

መመዘኛዬን ከሁሉም በላይ ያሟላልኝ «ሳይክል» የሚባለው፣ በእንግሊዝ ሳይክሊንግ ዩኬ የተባለው ማኅበር ለአባላቱ የሚያዘጋጀው መጽሔት ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1878 እ.ኤ.አ. ለብስክሌት ተጓዦች ሲሆን፣ ለተወዳዳሪ ሳይሆን ለመንገደኛ መቆሙ እስከ ዛሬ በመጽሔቱ ቃና ላይ ይታያል። ፎቶግራፎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሽበት አላቸው፣ ቦርጭ አላቸው፣ ዕቃቸውን ከኋላ ጭነዋል። ከሁሉ የሚልቅብኝ የጥያቄና መልስ ዓምዱ ነው። አንባቢዎች ስለ ብስክሌት ዕቃ፣ ስለ ጤናና ስለ ሕግ የሚልኩትን ጥያቄ የየሙያው ሰዎች ይመልሱበታል፤ የሕጉ ክፍል የእነርሱ አገር በመሆኑ ለእኛ አይሠራም፣ የቀሩት ሁለቱ ግን በወርቅ የማይገኙ ናቸው።

የጉልበቴን ነገር ያገኘሁት እዚያ ነው። ኮርቻው ከልክ በላይ ዝቅ ሲል፣ ፔዳሉ ላይኛው ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ጉልበት ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ሎሚው ላይ ጫና ይበዛና ሕመሙ ከፊት ይሰማል፤ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ሲል ደግሞ ሕመሙ ከጉልበት በስተኋላ ይመጣል። መለኪያው መሣሪያ አይፈልግም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ መቀመጥ፣ ፔዳሉን ወደ ታችኛው ቦታ ማውረድ፣ ከዚያም ተረከዝን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ እግር ቀጥ ካለ፣ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲነዱ ጉልበቱ ተፈላጊዋን ትንሽ እጥፋት ያገኛል። ገጹን ይዤ ገበያው ጥግ ወዳሉት ብስክሌት ጠጋኝ ሄድሁና አሳየኋቸው። ሥዕሉን አይተው፣ እኔን ከራስ እስከ እግር ለኩኝና «መምህር፣ ይህን ብስክሌት የሸጠልዎ ሰው አጭር ነው መሰለኝ፤ ቁመትዎን ሳያስለኩ ነው የወጡበት» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ እንግዲያው እርስዎ ይለኩኝ» አልሁና ወጣሁበት። ብሎኑን በቁልፍ ላላ አድርገው፣ የዛገውን ቧንቧ በጥቂት ዘይት አርሰው፣ እያወዛወዙ ሳቡት፤ ተረከዜ ፔዳሉን በቀጥታ እግር እስኪነካ ድረስ ኮርቻው ሦስት ጣት ያህል ከፍ አለ። አሥር ቀን ሳይሞላ ውጋቱ ለቀቀኝ። ዕድሜ ጉልበቴን ያደከመው መስሎኝ ሳዝን የከረምሁት፣ ለካ በአንድ ብሎን ምክንያት ነበር።

ከዚሁ መጽሔት ሁለተኛ ያተረፍሁት ስለ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት የሚረዝመው ብረቱ ተለጥጦ ሳይሆን በየመገጣጠሚያው ያሉት ዘንጎች ተበልተው ነው። አዲስ ሰንሰለት ላይ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ከአንዱ ዘንግ መካከል ተነሥቶ አሥራ ሁለት ሙሉ ቅንጣት (አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቅንጣት በአንድነት እንደ አንድ ተይዞ) ቢቆጠር ርዝመቱ 305 ሚሊ ሜትር ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ 306 አልፎ ወደ 307 ሲጠጋ መለወጫው ደርሷል፣ 308 ከደረሰ ደግሞ የኋላውን ማርሽ ጥርሶች ይዞ እየሞተ ነው። የልጄን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ይዤ ስለካው የእኔው 309 ነበር። ሰንሰለቱን ለውጠን ስንሞክረው፣ ጋሼ እንደፈሩት፣ አዲሱ ሰንሰለት ባረጁት ጥርሶች ላይ እየዘለለ አስቸገረን፤ ሁለቱንም መግዛት ግድ ሆነ። ከስድስት ወር በፊት ለክቼ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ወጪ ይቀርልኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት ነው ለአንድ መጽሔት ዋጋውን የሚመልስለት።

«ባይሲክል ኳርተርሊ» ከአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ በያን ሃይኔ አዘጋጅነት በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በዓመት አራት ጊዜ እንዲወጣ የታሰበ መጽሔት ነው። ብዙው ገጹ ስለ አሮጌ የፈረንሳይ የእጅ ሥራ ብስክሌቶች በመሆኑ ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ሆኖም አዘጋጆቹ ጎማን በገዛ እጃቸው እየፈተኑ የደረሱበት ነገር ለእኛ መንገድ የተነገረ ይመስላል። ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ አየር ሲነዳ ከቀጭንና ከተወጠረ ጎማ አይዘገይም ይላሉ፤ ምክንያቱም መንገዱ ሻካራ ሲሆን ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ንዝረት ራሱ ጉልበት ይበላል። እኔ ጎማ እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ አይሮጥም የሚለውን እምነት ይዤ ያደግሁ ሰው ስሆን፣ የሰፈሬን ኮብልስቶን ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር የማልፈው። የጎማውን አየር ከ65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ወደ 45 ዝቅ አድርጌ በዚያው መንገድ ስሄድ እጄ መደንዘዙ ቀረ፣ ከትምህርት ቤት ቤቴ የምደርስበት ሰዓት ግን አልተለወጠም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ አየሩ ከልክ በላይ ሲያንስ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ወደ 35 አውርጄ የሞከርሁ ዕለት ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ተሸክሜ ወደ ጎሚስታ በእግሬ ሄጃለሁ።

የአሜሪካው «አድቬንቸር ሳይክሊስት» የሚዘጋጀው በሞንታና ግዛት በሚዙላ ከተማ ባለ የተጓዦች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተጠነሰሰው በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ለማቋረጥ በተደረገው ታላቅ ጉዞ ዝግጅት ሲሆን፣ በዚያ ክረምት ከአራት ሺሕ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል፤ አብዛኞቹም ተራ ሰዎች ነበሩ። ከመጽሔቱ የምወደው፣ በከተማዋ የሚያልፉ ተጓዦች ከነጭነታቸው ብስክሌታቸውን ይዘው የተነሡትን ፎቶግራፍ የሚያወጣበትን ገጽ ነው። አዛውንት ባልና ሚስት፣ ውሻ በቅርጫት የያዘ ጎረምሳ፣ ብስክሌቷ ከእርሷ የሚከብድ የምትመስል ሴት፤ ሁሉም ካሜራውን በቀጥታ ያያሉ። ይህ ገጽ ለቁልፍና ለብሎን ምንም አይጠቅምም፤ ከመመዘኛዬ ውጭ ነው ሊባልም ይችላል። ይሁንና ብስክሌቴን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ደሴ ድረስ ከሄድሁ በኋላ ከዚያ ተነሥቼ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ሐይቅን በብስክሌት እንዳይ ያደረገኝ ይኸው ገጽ ነው። ከሐይቁ ዳር፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው መንገድ ላይ ቆሜ ልጄ በስልክ ያነሣልኝ ፎቶግራፍ ከእነርሱ አንዱን ያስመስለኛል።

የሁሉም የጋራ ጉድለት የእኛን መንገድ አለማወቃቸው ነው። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርደውን ከባድ ተሽከርካሪ፣ ድንገት ከመንገድ ዳር የሚወጣውን የፍየል መንጋ፣ ኋላውን ሳያይ ቀጥ የሚለውን ባጃጅ በተመለከተ ከእነርሱ ምክር መጠበቅ አይቻልም። ከሐረጎ ቁልቁል መውረድን ግን ያስተምራሉ። ፍሬንን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት በደንብ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ በቀጥታው መንገድ መልቀቅና ማቀዝቀዝ፣ የፊተኛው ፍሬን ትልቁን ሥራ እንደሚሠራ አውቆ ቀስ አድርጎ መጫን ነው። ይህን ሳላውቅ ሐረጎን ብወርደው ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሌላው ችግር ማግኘቱ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የአባልነት ክፍያ ለአብዛኞቻችን በር አይከፍትም። ስለዚህ ዘመድ በውጭ አገር ያለው ሰው ያረጁ እትሞችን ያስልክ፤ የኮርቻ ቁመትና የሰንሰለት ርዝመት ከዓመት ዓመት አይለወጥምና የአሥር ዓመት መጽሔትም ያው ይሠራል። አንድ ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ «ሳይክል»ን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛ ከተገኘ «አድቬንቸር ሳይክሊስት» ይጨመርበት።

የኮርቻውን ገጽ በአማርኛ ተርጉሜ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም ከጎማ መንፊያው በላይ ግድግዳው ላይ በማስቲሽ ለጠፉት። ባለፈው ቅዳሜ ብቅ ስል አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ግድግዳውን ተደግፋ ተረከዟን ፔዳል ላይ አሳርፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ጋሼ ቁልፉን ጨብጠው ወደ እኔ ዞሩና የሰንሰለቱንም እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።