ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ፦ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት ወይስ ኔክስትክላውድ?

ግሩፕ ማለት ፋይልና ፎልደር የመክፈት ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የሠራተኞች አካውንቶች ስብስብ ነው፤ አንዱ ግሩፕ በሌላው ውስጥ ሲገባ ሦስቱ አገልግሎቶች የሚይዙት በተለያየ መንገድ ነው። ዋና ቢሮው ሐዋሳ፣ ቅርንጫፎቹ ይርጋለምና አለታ ወንዶ የሆነ ቡና ላኪ ድርጅት እንውሰድ። «ሂሳብ ይርጋለም» የተባለው ግሩፕ «ሂሳብ ሁሉም» ውስጥ ይገባል። ለ«ሂሳብ ሁሉም» የተሰጠ ፈቃድ ለይርጋለሙ ሠራተኛ ይደርሰዋል፤ ለይርጋለም ብቻ የተሰጠው ግን ሐዋሳ አይደርስም። አቅጣጫውን አሳስቶ «ሠራተኛ ሁሉም»ን «ሂሳብ ሁሉም» ውስጥ የከተተ አድሚን የደመወዝ ፎልደሩን ለመጋዘን ሠራተኛውም ከፍቶታል።

ለዚህ ሥራ ቀላሉ ጉግል ወርክስፔስ ነው። ግሩፑን እንደ አንድ ሰው በኢሜይል አድራሻው ሌላ ግሩፕ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ፤ የፋይል ማስቀመጫው ድራይቭም ፈቃዱን ለውስጠኛው ግሩፕ አባላት ያደርሳል። ችግር የሚመጣው ከመቼቱ ነው፦ ውስጠኛው ግሩፕ ለድርጅቱ ሰው ሁሉ ክፍት ከሆነ ማንም ራሱን አስገብቶ የላይኛውን ግሩፕ ፈቃድ ያገኛል። በግብዣ ብቻ አድርጉት። የአባልነት ለውጥ ሲዘገይ ደግሞ ቸኩላችሁ ፋይሉን በሰውየው ስም አታጋሩ፤ ኋላ ከግሩፑ ቢወጣም ያ ፈቃድ አብሮት ይቀራል።

ማይክሮሶፍት 365 ጠንካራ ነው፣ ግን ወጥነት የለውም። ከቲምስ (የቡድን መወያያው) ጀርባ ያለው ግሩፕ ሌላ ግሩፕ በአባልነት አይቀበልም። ለፈቃድ መስጫ ብቻ የሚያገለግለው ሴኩሪቲ ግሩፕ ይቀበላል፤ ፋይል ማጋሪያው ሼርፖይንት ላይም በደንብ ይሠራል። ላይሰንስ (አገልግሎቱን የመጠቀም መብት) በግሩፕ ስትሰጡ ግን የሚቆጠረው ቀጥተኛ አባል ብቻ ስለሆነ፣ የይርጋለሙ ሠራተኛ ላይሰንሱ ሳይደርሰው ይቀራል። መተግበሪያ ስትመድቡም እንደዚያው ነው። ሴኩሪቲ ግሩፕ ወደ ቲምስ ሲጨመር የሚገባው የዚያን ቀን የነበረው አባል ነው፤ በሚቀጥለው ወር የተቀጠረው በራሱ አይገባም። መፍትሔው በሥራ ክፍል መረጃ ራሱን የሚሞላ ዳይናሚክ ግሩፕ ነው፤ እሱ ደግሞ ኢንትራ አይዲ ፒ1 የተባለውን የማይክሮሶፍት የአካውንት አስተዳደር ላይሰንስ ይፈልጋል። ከማይክሮሶፍት 365 ጥቅሎች ቢዝነስ ፕሪሚየም አለው፣ ቢዝነስ ስታንዳርድ የለውም። ስለዚህ የስታንዳርድን ዋጋ ብቻ አይቶ «ረከሰ» ማለት ያሳስታል።

በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ፋይል ማጋሪያ ኔክስትክላውድ የራሱ ግሩፖች አንድ ደረጃ ብቻ ናቸው። ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ የሚሠራው ከኤልዳፕ (ከድርጅቱ የተጠቃሚዎች ማውጫ) ጋር ተያይዞ፣ መቼቱ ላይ ሲፈቀድ ነው። የቡድን ፎልደር ላይ አንድ ሰው ከአንዱ ግሩፕ «ተከልክሏል»፣ ከሌላው «ተፈቅዷል» የሚል ደንብ ቢደርሰው ፈቃዱ ያሸንፋል። ዊንዶውስ ሰርቨር የለመደ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ስለሆነ ዘግቻለሁ ብሎ ክፍት ይተወዋል። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የሐዋሳው ቢሮ ይሠራል፤ ቅርንጫፎቹ ግን ይቆማሉ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) እና ባክአፕ የእናንተ ዕዳ ነው፤ ሲታደስም ዋና ቨርዥን መዝለል አይቻልም።

የአይቲ ሠራተኛ ከሌላችሁ ጉግል ይሻላል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ ሰርቨር የተጠቃሚዎች ማውጫ) ካላችሁ ቢዝነስ ፕሪሚየምን በዳይናሚክ ግሩፕ ያዙ። በየወሩ ዶላር መክፈል የሚከብደውና ቴክኒሻን ያለው ድርጅት ኔክስትክላውድን ይሞክር።

ከመክፈላችሁ በፊት በሙከራ ጊዜው ውስጠኛው ግሩፕ ውስጥ ብቻ ያለ አንድ አካውንት ክፈቱ። በእሱ ገብታችሁ ፋይሉን፣ ማይክሮሶፍት ከሆነም ላይሰንሱንና የቲምስ ቻናሉን እዩ፤ ከዚያ ከግሩፑ አውጡትና ፋይሉ አሁንም ይከፈት እንደሆነ በማግስቱ ድገሙት።