ሪፕሊካዬን "ሪፕሊካ ነው" ብለው ለሸጡልኝ ሰው

ጂቲ40 ሪፕሊካዬ ተሸጠች። ገንዘቡ ገብቷል፣ ስም ተዛውሯል፣ መኪናዋም ወደ አዲሱ ባለቤቷ ሄዳለች። ይህን የምጽፈው የሸጡልኝን ሰው ለማመስገን ነው። በዚያውም በእጅ የተገጣጠመ የድሮ የውድድር መኪና አምሳያ ይዞ "ማን ይሽጥልኝ?" እያለ ለሚጨነቅ ሰው ልጠቁም ብዬ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይፈልጉም፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ መኪናዋን ለማታውቋት። ፎርድ ጂቲ40ን የሠራው ሌ ማን በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ ፌራሪን ለመርታት ነው። 40 የሚለው ቁጥር ቁመቷ ነው፣ 40 ኢንች፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ አንድ ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፎርድ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ጠራርጎ ወሰደ፤ ከዚያም እስከ 1969 ድረስ ሌ ማን ላይ የቀደመው አልነበረም። የ1968ቱንና የ1969ኙን ድል ያመጣችው ደግሞ አንዲት መኪና ናት፣ የሻንሲ ቁጥሯ 1075 የሆነው። ኦሪጅናሎቹ በጠቅላላ ከመቶ ብዙም አይበልጡም። መንገድ ላይ ጂቲ40 አይታችሁ "ሪፕሊካ ናት" ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም።

የኔዋም ሪፕሊካ ነበረች። ሻንሲዋ ከብረት ቱቦ የተበየደ፣ አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ሞተሯ 5 ሊትር የፎርድ ቪ8፣ ካምቢዮዋ ከፖርሽ 911 የመጣ። ቀለሟ ያው የታወቀው የነዳጅ ኩባንያው የገልፍ ቀለም፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ከብርቱካናማ መስመር ጋር። የሸጥኳት በጉልበቴ ምክንያት ነው። አንድ ሜትር ቁመት ያላት መኪና ውስጥ መግባቱ ቀላል ነው፣ መውደቅ ነው በቃ። ጣጣው መውጣቱ ላይ ነው።

ከጋሼ በፊት ሌላ ደላላ አነጋግሬ ነበር። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። "ሪፕሊካ የሚለውን ቃል ማስታወቂያው ላይ አንጽፈውም፣ ሰው መጥቶ ካያት በኋላ ምን ያደርጋል፣ ይወዳታል" አለኝ። ሊብሬው ላይ ያለውን የተሠራችበትን ዓመት ትቶ "የ1966 ሞዴል" ብሎ ሊለጥፍ ሁሉ አሰበ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ገዥው ዛሬ ባይነቃ ነገ ይነቃል፣ ያን ጊዜ የሚፈለገው ደላላው ሳይሆን እኔ ነኝ። ተለያየን።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ ወዳጄ ነው። መጡና መኪናዋን ሳያዩ "ወረቀቷን አምጣ" አሉኝ። ዋጋ አልጠየቁም። ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች አላሉም። የዕቃዎቹ ደረሰኝ፣ ሻንሲው ሲበየድ የተነሳ ፎቶ፣ የሞተሩ ቁጥር፣ ማን እንደገጣጠማት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ማን እንደዘረጋው፣ ኢንሹራንሱ ላይ ምን ተብላ እንደተመዘገበች። አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ነበረኝ፣ የተዘበራረቀ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በቀን በቀን ደረደሩት። ቀለማቸው የለቀቀውን ደረሰኞች ሳይጠፉ ስካን አስደረጉኝ። ኦሪጅናል መኪና በታሪኩ ይሸጣል፣ የኔ ዓይነቷ ግን ማን ሠራት፣ በምን ዕቃ ሠራት በሚለው ነው ዋጋዋ የሚቆረጠው፤ የሌ ማንን ዝና ለዋጋ መከራከሪያ ማቅረብ አያዋጣም አሉኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ ከሥሯ ገቡ። ልቤ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮው የ911 መሆኑን እንዳዩ "ዲፈረንሻሉን ማን ገለበጠው?" ብለው ጠየቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። 911 ላይ ሞተሩ ከካምቢዮው በስተኋላ ነው የሚቀመጠው። ጂቲ40 ላይ ግን ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ መሃል ላይ ሆኖ ካምቢዮው ከእሱ ኋላ ይመጣል። ያንኑ ካምቢዮ ዝም ብላችሁ አዙራችሁ ብትገጥሙት ጎማው በተቃራኒው ይዞራል፣ ማለትም አምስት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ትኖራችኋለች። መፍትሔው ወይ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ በሌላኛው ጎን ማስገባት ነው፣ ወይ ካምቢዮውን እንዳለ ገልብጦ መግጠም፤ ከተገለበጠ ደግሞ ዘይቱ ሁሉም ቦታ እንዲደርስ መላ ያስፈልገዋል። ጋሼ ይህን ሥራ የሠራውን ጋራዥ ደረሰኝ እስኪያገኙ ድረስ ከዚያ ካርቶን ላይ አልተነሱም። በኋላ ገዥው ይዞት የመጣው መካኒክም መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ደረሰኙ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ማስታወቂያውን ራሳቸው ጻፉት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ይህች መኪና ሪፕሊካ ናት" ይላል። ቀጥሎ የተሠራችበት ትክክለኛ ዓመት። ቀጥሎ ጉድለቶቿ! በግራ በር ማሸጊያ ጎማ በኩል ዝናብ ሲዘንብ ውሃ እንደምታስገባ፣ ፍሪሲዮኗ ከባድ እንደሆነ፣ በሙቀት ጊዜ ውስጧ እንደሚፋጅ፣ ከኋላ ለማየት መስታወቷ ብዙም እንደማያግዝ። እውነቱን ለመናገር ሳነበው ደነገጥኩ፣ መኪናዬን እያጣጣሉብኝ መሰለኝ። ፎቶዎቹም እንደዚያው ናቸው። ከሩቅ የተነሳች አንዲት ቆንጆ ፎቶ፣ የቀሩት ብየዳው፣ የፍሬን ቱቦው፣ የተጫረው ቸርኬ፣ ከሥር ያለው ሁሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? "እውነተኛዋ ናት ወይ?" የሚለው ስልክ ቀረ። የደወሉት ሰዎች ምን ሊያዩ እንደሚመጡ አውቀው ነው የደወሉት። ሙድ ሊይዝ የሚመጣ፣ "እስቲ አስነሳትና ድምጿን እንስማ" ብሎ ቪዲዮ ቀርጾ ላጥ የሚል አልገጠመኝም ማለት ይቻላል።

አንድ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። ጋሼ ለሚደውል ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት "ቁመትዎ ስንት ነው?" ብለው ነው። እኔ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም። ጂቲ40 ውስጥ ረጅም ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል። አሜሪካዊው የውድድር መኪና ነጂ ዳን ገርኒ ራሱ ረጅም ስለነበር የራስ ቁሩ እንዲገባ በሹፌሩ በኩል ጣሪያው ላይ እብጠት ተሠርቶለታል፤ እስከ ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። በ1967 ከኤ.ጄ. ፎይት ጋር ሆኖ ሌ ማንን ሲያሸንፍም የነዳት መኪና ያ እብጠት ነበራት። የኔዋ የላትም። ስለዚህ በጣም ረጅም የሆነውን ሰው ጋሼ በትህትና "ይቅርብዎ፣ አይመችዎትም" ይሉታል። ኮሚሽን የሚበላ ሰው ገዥ ሲመልስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሰው ሊያያት ሲመጣ ሞተሯን ቀድሜ እንዳላሞቅ ከለከሉኝ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ደህና ገዥ መጥቶ የመጀመሪያ ሥራው ሞተሩን በእጁ መንካት ነው። ቀዝቅዛ ትነሳለች፣ ካርቡራተሯ ትንሽ ታንገራግራለች፣ ከዚያ ትስተካከላለች። የኔዋ ደግሞ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቿ እንደ ኦሪጅናሏ የግራው ከቀኙ እየተሻገሩ የሚገናኙ ናቸው፣ ከላይ ስታዩት የተጠላለፈ የእባብ ክምር። አሠራሩ የሁለቱም ወገን ጭስ ተራ በተራ እኩል እንዲወጣ ነው፣ ለዚህም ድምጿ ከተራ ቪ8 ይለያል። ብዙ ሪፕሊካዎች ላይ ይህ ይታለፋል፣ አድካሚና ውድ ስለሆነ። ጋሼ ስለዚህ አንድም ቃል አልተናገሩም። የኋላ ሽፋኑን ከፍተው ዝም አሉ። ገዥው ራሱ አይቶ ራሱ ፈገግ አለ።

ለሙከራ ስትነዳ መጀመሪያ እሳቸው ነዱ፣ ገዥው አጠገባቸው ተቀመጠ። ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ቦታ ተቀያየሩ። ከዚያ በፊት መንጃ ፈቃዱን አይተዋል፣ ኢንሹራንሱ ሌላ ሹፌር እንደሚሸፍንም አጣርተዋል። ቀብዱን በጽሑፍ ነው ያስያዙት፣ በምን ምክንያት ይመለሳል፣ በምን ምክንያት አይመለስም የሚለው ተለይቶ። ውሉ ላይም "ሪፕሊካ" የሚለው ቃል አለ፣ ገዥው ከሥሩ ፈርሟል። ቀሪው ገንዘብ መግባቱን ባንኩ ራሱ እስኪያረጋግጥ ቁልፉ ከእጃቸው አልወጣም። ኮሚሽናቸው የመጀመሪያ ቀን የተስማማንበት ነው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም።

ሁሉም ነገር ማር ነው ልላችሁ አልችልም። ከመሸ ስልክ አያነሱም። ለመልእክት የሚመልሱት በአንድ ቃል ነው፣ እሱም ሲመቻቸው። በዋጋ ላይ ሐሳብ ከሰጧችሁ በኋላ መከራከር ግድግዳ መግፋት ነው፤ እኔ ትንሽ ከፍ ላድርግ ብዬ ነበር፣ "እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ" አሉኝ፣ በጨዋ አነጋገር። በችኮላ ገንዘብ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም አይመቿችሁም። ትክክለኛው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ እናንተንም ያስጠብቃሉ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንጀቴን ነው ያራሱት። ገዥው ባለፈው ደውሎልኝ ነበር፤ የበሩን ጎማ ቀይሮታል፣ ውሃው ግን አሁንም ይገባል አለኝ። ተሳሳቅን። ማስታወቂያው ላይ ስለነበረ ቅር የሚለው ነገር የለውም።

የሼልቢ ኮብራም ይሁን የጃጓር ዲ-ታይፕ፣ የማናቸውም አምሳያ ያላችሁና በሥርዓት መሸጥ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። "የ1966 ናት" ብላችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ግን አትድከሙ፣ ስልኩን ጆሯችሁ ላይ ነው የሚዘጉት።