ከቮልጋ ዳር የመጣችው የእናቴ ሰዓት
አባቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ለእናቴ ያመጣላት «ቻይካ» የእጅ ሰዓት ቆማ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ወደሚሠሩ አንድ ሰዓት ሠሪ ወሰድኳት። ጋሼ ክዳኗን በቀጭን ቢላ ከፍተው፣ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ የከተማችንን ደቃቅ አሸዋ በብሩሽ ጠረጉላት። ሞልተው ወደ ጆሮዬ ሲያስጠጓት ቀጭ ቀጭ አለች፤ እንባዬ መጣ።

የተሠራችው ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በኡግሊች ነው። እ.ኤ.አ. በ1591 ሕፃኑ የሩሲያ ልዑል ዲሚትሪ እዚያ ሲሞት ደወል ተደወለ፤ ሕዝቡም ዐመፀ። ሕዝቡን ለዐመፅ ጠርቷል ተብሎ ደወሉ ምላሱ ተቆርጦ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ፤ የተመለሰው በ1892 ነው። ደወሏን የተነጠቀች ከተማ ኋላ ሰዓት ሠሪ መሆኗ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ጋሼ አይቸኩሉም፤ ዋጋቸውም አይከብድም። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ሂዱ።