ለንደን ላይ የሚስቴን ቪዛ የያዘልኝ ቢሮ፦ ከ5 ኮከብ 4፣ አንዷን የቀነስኳት በምክንያት ነው

ኢንቦክሴ "ሚስትህን በማን በኩል አስጨረስክ" በሚል ጥያቄ ስለሞላ አንዴ እዚ ልጻፈውና ልገላገል። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ስለምዘረግፈው ሰው እንጀራ ላይ ጣጣ ማምጣት አልፈልግም፣ ደሞ አሁንም ወረፋቸው አይቻልም። ምን አይነት ሰው ጋ መሄድ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ስሙ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ቢሮው ሰሜን ለንደን ነው፣ ከሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል፣ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ የልጅ ጋሪ ይዞ ለሚመጣ አይመችም። የቢሮው ባለቤት በእድሜ ጠና ያሉ የኛው ሀገር ሴት ናቸው፣ ሁሉንም "ልጄ" ነው ሚሉት። ግድግዳው ላይ የምዝገባ ሰርቲፊኬታቸው ተሰቅሏል፣ ይቺን ነገር ቀለል አድርጋችሁ እንዳታልፏት። እንግሊዝ ውስጥ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ወይ ጠበቃ ነው ወይ ደሞ ኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ ሚባለው መስሪያ ቤት የተመዘገበ ሰው ነው (ድሮ ኦአይኤስሲ ስንለው የነበረው ነው፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ስሙን ቀየረ)። ሳይመዘገብ የሚመክር ሰው ወንጀል ነው እየሰራ ያለው፣ በነጻም ይሁን በብር። ሊስቱ ኦንላይን አለ፣ ስም አስገብቶ መፈለግ ነው፣ በነጻ። እና ያ ሀበሻ ቤት ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጣ በስልኩ ፎርም ሚሞላላችሁ ሰውዬ ሊስቱ ላይ ከሌለ በቃ የለም፣ ነገ ማመልከቻው ሲወድቅ የት ሄዳችሁ ትከሱታላችሁ?

ወደ ሂሳቡ ልግባ። የትዳር ቪዛ ለማስመጣት ስፖንሰሩ (እዚ ያለው ባል ወይ ሚስት) ማሳየት ያለበት ገቢ ከ2012 ጀምሮ 18,600 ፓውንድ ነበር፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2024 ላይ በአንድ ጊዜ 29,000 አደረጉት። (ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው።) ከዛም 38,700 ሊያደርሱት ነበር፣ መንግስት ሲቀየር እሱ ቆመ እንጂ የ29,000ው አልወረደም። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ በ2025 ዝቅተኛው የሰአት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 40 ሰአት አንድም ሳምንት ሳያመልጣችሁ አመቱን ሙሉ ብትሰሩ 25,400 ገደማ ነው ሚመጣው። ማለትም በህጋዊው ደሞዝ ሙሉ ሰአት ሚሰራ ሰው ሚስቱን ማምጣት አይችልም፣ በሳምንት ወደ 46 ሰአት መስራት ነበረበት። ሚስትየው አዲስ አበባ ላይ የፈለገውን ያህል ደሞዝ ቢኖራት ደሞ ለመጀመሪያው ማመልከቻ አይቆጠርላትም፣ ሚታየው እዚ ያለው ሰው ገቢ ነው። ምንም ገቢ ሳይኖራችሁ በቁጠባ ብቻ ልለፍ ካላችሁ 88,500 ፓውንድ ባንክ ውስጥ 6 ወር ተቀምጦ መገኘት አለበት። ይሄ ብር ያለው ሀበሻ ካወቃችሁ ለኔም አስተዋውቁኝ።

እኔ መጋዘን ነው ምሰራው፣ አልደርስ ስላለኝ ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ስራ ጨመርኩ፣ ሁለቱ ሲደመር አለፈ። ደስ ብሎኝ ወረቀቴን ሰብስቤ ሄድኩ፣ ለመጀመሪያው ምክር መቶ ፓውንድ የማይሞላ ነው ያስከፈሉኝ። ፔይስሊፖቼን (የደሞዝ ወረቀቶቼን) አንድ በአንድ አዩና፣ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ዛሬ ብታስገባው ብርህን ውሃ በላው" አሉኝ። ለምን? ሁለተኛው ስራ ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ካታጎሪ ኤ በሚባለው መንገድ ለመሄድ እያንዳንዱ ስራ ቢያንስ 6 ወር የተሰራበት መሆን አለበት፣ ካልሞላ ደሞ ወደ ሌላኛው ካታጎሪ ትሄዱና ያለፈው 12 ወር ውስጥ በትክክል 29,000 እጃችሁ እንደገባ አሳዩ ትባላላችሁ፣ እኔ ደሞ አልገባም። የማመልከቻው ክፍያ በ2025 1,938 ፓውንድ ነበር፣ ከተከለከላችሁ አይመለስም። የጤናው ክፍያ (ለመንግስት ህክምና ሚከፈለው፣ በ2025 በአመት 1,035 ነበር፣ ለመጀመሪያው ቪዛ 3,105 ይመጣ ነበር) ሲከለከል ይመለሳል፣ የማመልከቻው ግን ሄደ በቃ። እና ሴትየዋ "በመከር ወቅት ተመለስ" ብለው ሸኙኝ። የዛን ቀን ፎርም ሞልተው አንድ ሺህ ምናምን ፓውንድ መቀበል ይችሉ ነበር፣ እኔም እከፍል ነበር፣ ምኑን አውቄ። አራቱ ኮከብ ውስጥ ሁለቱ የዚ ቀን ናቸው።

ሌላው ኮከብ የሰነዱ ስራ ነው፣ እዚ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም ፈረንጅ ጠበቃ ጋ ሄደው የተበሉ ጓደኞች አሉኝ። የኛ ሀገር ወረቀት ለፈረንጅ ኬዝ ወርከር (ማመልከቻውን ሚያየው ሰራተኛ) እንቆቅልሽ ነው። ሰርጋችን ጥር 2017 ነበር በኛ አቆጣጠር፣ በነሱ ጃንዋሪ 2025 ማለት ነው። የወሳኝ ኩነት ሰርቲፊኬቱ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ስላለ ችግር የለውም። ግን የሰርግ ካርዱ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ባነር ላይ፣ ፎቶ ቤቱ ፎቶው ጥግ ላይ የጻፈው ላይ በሙሉ 2017 ነው ሚለው። እኛ ደሞ ፎርሙ ላይ የተዋወቅነው 2022 ነው ብለናል። በዚ ሂሳብ ሳንተዋወቅ ከአምስት አመት በፊት ተጋብተናል፣ ጃንዋሪ 2017 ላይ ደሞ እኔ ፔይስሊፕ አለኝ ለንደን ውስጥ! ሴትየዋ ይሄን ፎቶ ሲያገላብጡ ነው ያዩት፣ ወዲያው ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ገጽ ጻፉና ከፎቶዎቹ ፊት አስገቡት። የስሙም ነገር እንደዛው፣ ሚስቴ የአባቷን ስም ነው ምትጠራው፣ የኔን አልወሰደችም፣ እኔና ወንድሜ ደሞ የምንጋራው የአባታችንን ስም ነው፣ እዚ ያሉት "ሰርኔም" ሲሉ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ስም መስሏቸው ነው። እሱንም በሁለት መስመር አስረዱት። ፈረንጁ ጠበቃ ይሄን የሚያውቀው ጥያቄ ሲመጣበት ነው፣ እሳቸው ግን ሳይጠየቁ ነው ሚመልሱት።

የብር መላኪያ ደረሰኝም ጠይቀውኛል። በሰው የላካችሁት ብር፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ወረቀት የለውም፣ ስለዚ እንዳልተላከ ነው ሚቆጠረው። የቤት ማስረጃም አለ፣ እኔ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ ነው ምኖረው፣ ክፍሉ የኔ ብቻ እንደሆነና ሚስቴ ብትመጣ እንደማይጣበብ አከራዬ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሰውዬው ደብዳቤ ለመጻፍ ያስለመነኝ ልመና ሌላ ሪቪው ይወጣዋል።

አሁን የቀነስኳት ኮከብ። ከፊት ለፊት ያለችው ጸሀፊ ከሴትየዋ ይልቅ እሷ ብዙ ትመክራለች። ሚስቴን በዋትስአፕ "የእንግሊዝኛ ፈተና ውሰጂ፣ ሳንባሽንም ቶሎ ለቲቢ ተመርመሪ" አለቻት። ሚስቴ ዲግሪ አላት፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ኤክቲስ ሚባለው ድርጅት ዲግሪው ከእንግሊዝ ዲግሪ እኩል እንደሆነና በእንግሊዝኛ እንደተማረች ካረጋገጠ ፈተናው አያስፈልግም። ይሄን የነገሩን ሴትየዋ ናቸው፣ ሚስቴ የኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ፈተናውን ተመዝግባ ከከፈለች በኋላ። የቲቢው ደሞ የባሰ ነው፣ አዲስ አበባ አይኦኤም ጋ ነው ሚሰራው፣ ሰርቲፊኬቱ ሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው። እኛ ደሞ ሁለተኛው ስራዬ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው! ቶሎ አሰርተን ቢሆን ኖሮ ማመልከቻው ሳይገባ ጊዜው ሊያልፍና ድጋሚ ልንከፍል እንችል ነበር። ደግነቱ ሚስቴ የጸሀፊዋን ወሬ ከዛ በኋላ አላመነችም። ጸሀፊዋን በግል አልጠላትም፣ ትሁት ልጅ ናት፣ ግን ያልተመዘገበ ሰው ለምን ይመክራል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰርቲፊኬት የማን ሆነና?

ዋትስአፕ ላይም መልስ ይዘገያል፣ ዛሬ የጻፋችሁት በሳምንቱ "ሰላም ነህ ወይ" ይመጣላችኋል። ክፍያውን ደሞ በሁለት ጊዜ አይቀበሉም፣ ሙሉውን ቅድሚያ ነው፣ ትርጉም ካሰራችሁ ለብቻው ነው።

ግን ሴፕቴምበር ላይ ወረቀት ለማስገባት ስሄድ ያየሁትን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አንድ ልጅ ከኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር፣ በሩ በደንብ አይዘጋም (ይሄም ቅሬታ ነው፣ የሰው ጉዳይ ውጪ ድረስ ይሰማል)። ጥገኝነቱ ጸድቆለታል፣ ሚስቱና ልጁ ሀገር ቤት ናቸው፣ በፋሚሊ ሪዩኒየን (ጥገኝነት ያገኘ ሰው ቤተሰቡን ሚያመጣበት መንገድ) ሊያመጣቸው ወረቀት ሲሰበስብ ከርሟል። ይሄ መንገድ ክፍያ የለውም ነበር፣ 29,000 የለውም፣ የእንግሊዝኛ ፈተና የለውም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ከሰአት 9 ሰአት ላይ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቆሙ። ያሳወቁት ደሞ ሴፕቴምበር 1 ነው፣ ሶስት ቀን! ከዛ በኋላ ስደተኛውም እንደኛው በትዳር ቪዛ ህግ ግባ ተባለ፣ ያው 29,000፣ ያው 1,938፣ ያው የጤና ክፍያ፣ ልጅ ሲኖር ደሞ ለልጁም ክፍያ አለው። ጥገኝነት ሲጠይቅ አመት ምናምን መስራት ተከልክሎ የቆየ ሰው ነው ይሄን ሚባለው። ሴትየዋ አላባበሉትም፣ "አለልህ" አላሉትም፣ ገቢውን ጠየቁት፣ ምን ያህል እንደሚጎድለው በቁጥር ነገሩት፣ ህጉ ውስጥ ለየት ያለ ሁኔታ ለሚባለው ክፍል ምን አይነት ማስረጃ እንደሚፈለግ አስረዱት፣ በዛ ማለፍ ከባድ እንደሆነም አልደበቁትም። ያልከፈለ ሰው እንደሆነ ያወቅኩት ጸሀፊዋ ሂሳብ ልትቀበለው ስትል "ተዪው" ብለው ሲጮሁ ነው። እኔ እንጃ፣ እንደዛ አይነት ነገር ሲደረግ አይቼ ኮከብ መቁጠር ራሱ ያሳፍራል።

እዚው ቢሮ "ኬር ስራ (አዛውንትና ህመምተኛ መንከባከብ) በስፖንሰርሺፕ ላምጣው" እያለ ስለ ወንድሙ ወይ ስለ እህቱ ልጅ ሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ተዘግቷል እኮ። ኬር ወርከሮች ቤተሰብ ይዘው እንዳይመጡ ማርች 2024 ላይ ከለከሉ፣ ከዛ ጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጪ ሀገር አዲስ ኬር ወርከር ማስመጣቱ ራሱ ቆመ። ቲክቶክ ላይ ግን አሁንም "የለንደን ኬር ቪዛ፣ ቦታ ውስን ነው" ሚል አለላችሁ፣ ሰርቲፊኬት ኦፍ ስፖንሰርሺፕ ሚባለውን (ቀጣሪው ለሰራተኛው ቪዛ ሚሰጠውን ማረጋገጫ) በሺዎች ፓውንድ ሚሸጥ። መጀመሪያም መሸጥ ያልተፈቀደ ነገር ነው፣ አሁን ደሞ መግቢያ በሩ የለም። አዲስ አበባ ቤት ሸጦ፣ ዱባይ አመታት የሰራበትን ሰብስቦ ለነዚ ሰዎች ሚሰጥ ሰው ስላለ ነው ምደጋግመው።

የኛ ወጣ፣ እግዜር ይመስገን፣ ሚስቴ መጥታለች፣ ብርዱን እየተሳደበች ነው።

ማን ይሂድ ማን አይሂድ ለምትሉኝ፣ አንድ ስራ ኖሯችሁ ደሞዙ ከ29,000 በደንብ ከፍ ያለ፣ ከአመት በላይ የሰራችሁበት፣ ብሩም በባንክ ሚገባላችሁ ከሆነ ፎርሙን ራሳችሁ ሙሉት፣ ከባድ አይደለም፣ ከፈራችሁ የአንዱን ቀን ምክር ብቻ ገዝታችሁ ሰነዳችሁን አሳዩዋቸው። ሁለት ስራ፣ ሰአቱ ሚለዋወጥ ደሞዝ፣ የግል ስራ፣ ካሽ ሚከፈላችሁ፣ በፊት ተከልክላችሁ ምታውቁ፣ ከዚ በፊት አግብታችሁ የፈታችሁ ከሆነ ግን ሙሉውን ክፈሉና አሰሩ። ኤፕሪል 2024 ሳይደርስ ያመለከታችሁና የተፈቀደላችሁ ከዛው ባል ወይ ሚስት ጋር ስታድሱ በድሮው 18,600 ነው ምትታዩት፣ 29,000 ካላሳየህ ብሎ ሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

ደሞ ብሩ እዚ አያበቃም፣ ሁለት አመት ተኩል ሲሞላ ማደሻ አለ፣ በ2025 ዋጋ 1,321 ማመልከቻው፣ 2,587.50 የጤናው። ለሌላው ሰው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ መጠበቂያውን ከ5 አመት ወደ 10 አመት ሊያደርጉት እንዳሰቡ በ2025 አሳውቀዋል፣ የእንግሊዝ ዜጋ ባል ወይ ሚስት 5 አመቱ እንዳለ ይቀጥላል ብለዋል። ለማደሻው እዛው ቢሮ እመለሳለሁ፣ ጸሀፊዋ ምትነግረኝን ግን ከሴትየዋ አፍ ሳልሰማ አልከፍልም። ቅዳሜ ዝግ ናቸው፣ ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ ይጨናነቃል።