በሱሉልታ መንገድ ያለው የማሲንቆና የክራር መሥሪያ፦ ባለሙያው ካረፉ በኋላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ጋራ አቋርጦ ወደ ጎጃም በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ሱሉልታ ከተማ ሳይደረስ የሚገኘው ይህ የሙዚቃ መሣሪያ መሥሪያ ሰሌዳ የለውም፤ የሚለየው በግቢው ውስጥ ለመድረቅ በተወጠሩት የፍየል ቆዳዎች ነው። ቤቱን ያቋቋሙት አባት ካረፉ ወዲህ ሥራውን የያዘችው ልጃቸው ስትሆን፣ ማሲንቆ መግዛት የሚፈልግ ወዳጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ መሣሪያው እንደ ቀድሞው ነው ወይ ብሎ ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ስለ ሰውየው መናገር ግድ ይላል፤ የመሣሪያዎቹ ጠባይ ከእርሳቸው ሕይወት የተቀዳ ነውና።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እያለ ይጠራቸው የነበሩት እኚህ ሰው ተወልደው ያደጉት በሰላሌ ገጠር ሲሆን፣ ማሲንቆን ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። ሙያው በአብዛኛው በአዝማሪ ቤተሰብ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑ እንደ እርሳቸው ላለ የገበሬ ልጅ በሩ በቀላሉ የሚከፈት አልነበረም። የመጀመሪያ መሣሪያቸውን ከብት ሲጠብቁ ከዘይት ቆርቆሮና ከፈረስ ጭራ ሠሩ፤ ጣታቸውንም ያሠለጠኑት በሬዲዮ የሰሙትን የካሳ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን የክራር ዜማ በአንዲቱ የማሲንቆ ክር ላይ እየፈለጉ ነው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል አጨዋወታቸው ከለመድነው የአዝማሪ አጨዋወት ለየት ይል የነበረው፦ ድምፁን ከመጎተት ይልቅ እንደ ክራር ነጠል ነጠል አድርገው ያወጡት ነበር።

ከሙዚቃው ሌላ ንብ ያንቡ ነበር፤ ሬዲዮና የግድግዳ ሰዓት ይጠግኑ ነበር፤ ፈረስም ነፍሳቸው ነበር። አንዱም እንጀራቸው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ መሣሪያው ገብቷል። ለማሲንቆው ክርና ለደጋኑ የሚሆነውን ጭራ የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ፤ የባዝራ ጭራ ሽንት እየነካው ቶሎ ይሰባበራል በማለት የወንድ ፈረስ ጭራ ብቻ ይወስዱ ነበር። ከቀፎው የሚገኘውን ሰም የዋንዛውን እንጨት እርጥበት እንዳይገባው ያሹበት ነበር። ከአሮጌ ሬዲዮ ጥገና ባገኙት ዕውቀት ደግሞ በክራር ገበቴ ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ አድርገዋል። በየመድረኩ የምናየውን ባለ ኤሌክትሪክ ክራር ከእርሳቸው በፊት ሌሎች ሠርተውታል፤ እርሳቸው ግን ማንም ሳያሳያቸው በራሳቸው መንገድ ደረሱበት፤ እኔም በዚህ ዛሬም ድረስ አደንቃቸዋለሁ።

አሁን የገዛሁት ማሲንቆ ልጃቸው የሠራችው ነው። ገበቴው ከዋንዛ የተሠራ በመሆኑ ቀላል ነው፤ ቆዳው በአራቱም ማዕዘን እኩል ተወጥሯል፤ የስፌቱ ርቀት የተለካ እስኪመስል ድረስ አንድ ዓይነት ነው። ክሩን የሚሸከመው ብርኩማ በጥንቃቄ የተቀረጸ ስለሆነ ዝቅተኛው ድምፅ አይንጫረርም፤ ርካሽ ማሲንቆ ላይ በመጀመሪያ የሚያስቸግረው ይህ ነው። በቸርችል ጎዳና ለጎብኚ የሚሸጡት ያጌጡ ማሲንቆዎች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ያምራሉ፤ ይህኛው ግን ለመጫወት የተሠራ ነው። ዋጋው ከእነርሱ ይወደዳል፤ እንደ እኔ ግምት የሚገባው ዋጋ ነው። ባለ 6 ክር ክራሯንም ሞክሬያለሁ፦ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከዚያም ወደ አንቺሆዬ ስቃኘው መቃኛዎቹ በተውኳቸው ቦታ ጸንተው ቆሙ፤ 6ኛውም ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በከፍታ ሲደግም ሳይዛነፍ ተገናኘ።

ደካማ ጎኑ ደጋኑ ነው። አባትየው ደጋን የሚያጎብጡበት እጅ ልዩ ነበር፤ የልጃቸው ደጋን ጠንከር ስለሚል ጭራው በጣም ይወጠራል፤ ለስላሳ ዜማ ለሚጫወት ሰው ይህ ያስቸግራል። ይህን ስነግራት ሳትከፋ ተቀብላ ሌላ ቀጠን ያለ ደጋን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰጠችኝ፤ እርሱ የተሻለ ነው፤ የአባቷን ግን አያህልም። በተጨማሪም መያዣ ከረጢት አይሰጥም፤ ለደጋኑ የሚቀባው እጣንም ለብቻው ይገዛል፤ ስልክ ደውሎ ማግኘትም ያስቸግራል።

የጥገናው አገልግሎት ግን ያለ ማመንታት የምመሰክርለት ነው። ድምፁ የደከመ አሮጌ ክራር ይዤ ሄጄ ቆዳው እንዲቀየር ስጠይቅ፣ ልጅቱ ገበቴውን በጣቷ እያንኳኳች ካዳመጠች በኋላ ቆዳው ደኅና መሆኑን፣ ችግሩ ያለው አንደኛው ምሰሶ ከገበቴው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በተፈጠረ ስንጥቅ መሆኑን አሳየችኝ። ቆዳ ቀይራ የበለጠ ማስከፈል ትችል ነበር፤ እርሷ ግን ስንጥቁን አጣብቃ፣ በጅማት አስራ፣ በሰም ዘግታ ትንሽ ገንዘብ ተቀበለች። እንዲህ አንኳኩቶ ማዳመጥን ከአባቷ መውረሷን ሳትነግረኝም አውቄዋለሁ፤ እርሳቸውም የሬዲዮን ሳጥን ሳይከፍቱ በፊት እንዲሁ ያንኳኩት ነበር።

የእርሳቸው ሬዲዮኖች፣ የፈረስ ልጓሞችና ያ የዘይት ቆርቆሮ ማሲንቆ በኋለኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለጠየቀ ሰው ልጃቸው በደስታ ታሳያለች። ለማዘዝ የሚፈልግ ሰው ግማሹን በቀብድ ይከፍላል። የሱሉልታ ክረምት ብርድና እርጥበት ስለሚበዛበት ቆዳው ለመድረቅ ይዘገያል፤ የደረሰውም መሣሪያ ቆዳው እየላላ እሳት ዳር ሳይሞቅ አይቃኝም፤ ስለዚህ ትእዛዝ ከሰኔ በፊት መስጠት፣ ካልሆነም መስከረም እስኪጠባ መታገሥ ይሻላል።