ለጎርጎራ ዳርቻ፦ ሚኒባስ ቤት፣ የጣሪያ ድንኳን ወይስ የመሬት ድንኳን?

ከባሕር ማዶ ዘመድ የሚመጣበት ቤት ሁሉ ጥያቄውን ያውቀዋል። እዚያ ሰዎች አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው መኪና እየነዱ ሞቃታማ ደሴት ላይ ካለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ይወርዳሉ፤ ሳምንት ሙሉ ያለ ሐሳብ ይቀመጣሉ። እኛ ጣናን አጠገባችን አስቀምጠን ለምን እንዲህ አናደርግም? ይቻላል። ጎርጎራ ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ሲወረድ ጋቢ የሚያስፈልገው ለንጋት ብቻ ይሆናል። ኑሮውም ዝግ ያለ ነው፦ የደንገል ታንኳ፣ የቆሮሶ ጥብስ፣ የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ።

ተሠርቶ ያለቀ የማደሪያ መኪና ግን በገበያችን የለም ማለት ይቻላል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ደግሞ ለማስመጣት ማሰቡም ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ለጎንደር ሰው የሚቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ያገለገለ ሚኒባስን አስለውጦ ቤት ማድረግ፣ ላንድክሩዘር ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ የሚታሰር የጣሪያ ድንኳን መግዛት፣ ወይም መኪናን እንደ ጓዳ እየተጠቀሙ መሬት ላይ ድንኳን መትከል። ሻጮች ስለ ፍራሹ ውፍረትና ስለ ጨርቁ ቀለም ያወራሉ። ጎርጎራ ላይ ምርጫውን የሚወስኑት አፈሩና የወባ ትንኟ ናቸው።

ከአፈሩ እንጀምር። ከአዘዞ ወዲያ ቆላ ድባን ይዞ ወደ ሐይቁ የሚዘረጋው የደምቢያ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የምናውቃቸው ሚኒባሶች የሚገፉት በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ላያቸው ላይ አልጋ፣ ባትሪና የውሃ በርሜል ሲጨመር ከዋናው መንገድ ሃምሳ ሜትር ወጥቶ መቅረት ቀላል ነው፤ የሚያወጣችሁም የአርሶ አደር በሬ ይሆናል። ላንድክሩዘር በዚህ በኩል አቻ የለውም። በበጋ ግን ያው መሬት ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል፤ ሚኒባሱም እንደ ልቡ ይገባበታል። በበጋ የሚቸገረው ድንኳን ተካዩ ነው። ከድንኳን ጋር የሚመጣው ቀጭን ችንካር ስንጥቁ ውስጥ ይሰምጥና ምንም ሳይዝ ይቀራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ ድንኳኑ ከነፍራሹ ይነሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ብረት በያጅ ዘንድ ሄዳችሁ ባለ 12 ፌሮ ግማሽ ሜትር ግማሽ ሜትር አስቆርጡ፣ አንዱን ጫፍ አስጎብጡ። ያንን በመዶሻ ስታስገቡት ጠለቅ ብሎ ይነክሳል።

ትንኟን በተመለከተ ውጤቱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ትንሹ ዋጋ ትልቁን ያሸንፋል። ደህና የመሬት ድንኳን መስኮቱም በሩም በመረብ የተሰፋ ነው፤ ዚፑን ዘግታችሁ ነፋስ እያገኛችሁ ታድራላችሁ። የጣሪያ ድንኳንም እንዲሁ ነው። ሚኒባስ ግን ሲዘጋ ይታፈናል፣ ሲከፈት የደምቢያን ትንኝ ሁሉ ይጋብዛል። ለእያንዳንዱ መስኮትና ለተንሸራታቹ በር መረብ በልክ ማሰፋት፣ ጠርዙ ላይ ማግኔት ማስገባት የግድ ነው። ይህንን ወጪ ለዋጮቹ አስቀድመው ሲናገሩ አልሰማሁም። የወባው ብርቱ ወቅት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ስለዚህ በየትኛውም ማደሪያ ብትሄዱ ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ታኅሣሥ ላይ በመንገዱ የሽንብራ እሸት አይጠፋም። ለጥምቀት የመጡ እንግዶች ያሏችሁ ደግሞ በዓሉን ከተማ አክብራችሁ ብትወርዱ ይሻላል።

ሚኒባሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው። ለዋጮች ማቀዝቀዣ፣ ትልቅ ባትሪና የሶላር ፓነል በአንድ ላይ ያቀርባሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የ12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የተለመደው የአሲድ ባትሪ እንዳይሞት ከግማሹ በታች መውረድ የለበትም፣ ስለዚህ የምትጠቀሙበት 600 ነው። ትንሽ የመኪና ማቀዝቀዣ በቀን ይህንኑ ያህል ይበላል። ፓነል ካልተጨመረ ሁለተኛው ቀን ላይ ጨለማ ነው። አሁን የኛን ስንቅ አስቡት፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ከእነዚህ የትኛው ነው በረዶ የሚፈልገው? ዓሣው እንደሆነ ጠዋት ከሐይቁ ወጥቶ ምሳ ላይ ያልቃል። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቻለሁ።) ማቀዝቀዣውን ስታስቀሩ ትልቁ ባትሪና ፓነሉ አብረው ይቀራሉ፤ ለመብራትና ለስልክ ትንሽ ባትሪ ይበቃል።

መጸዳጃም እንዲሁ ነው። ታንክ ያለው መጸዳጃ የሚመቸው ታንኩን የሚደፉበት ቦታ ባለበት አገር ነው። ጎርጎራ ዳር መድፊያ የለም፤ ሐይቁ ደግሞ የሰው መጠጥ ነው። ክዳን ያለው ባልዲና አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ሥራውን ይሠራሉ። ውሃ ላይ ግን አትቆጥቡ። በጣና ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ። ሣር የበዛበትና ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ገብቶ መታጠብ አያዋጣም፤ የሐይቁን ውሃ ለመታጠቢያ ከተጠቀማችሁም አፍልታችሁ ወይም በጀሪካን ሁለት ቀን አስቀምጣችሁ ይሁን። እዚህ ላይ ሚኒባሱ ይረታል፣ አሥር ጀሪካን ከከተማ ጭኖ ይወርዳልና። ከሰል ምድጃን ግን ለቡናም ቢሆን መኪና ውስጥ አታስገቡ፤ በተዘጋ ቦታ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል።

ሌላው የሚኒባሱ ብልጫ ለአረጋውያን መመቸቱ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ከመሬት ድንኳን ተንበርክካ፣ ከጣሪያ ድንኳን ደግሞ ሌሊት በመሰላል እንድትወርድ መጠየቅ ነውር ነው። ከአልጋ ተነስታ ደረጃ ረግጣ ትወርድ። እናትና አባት ይዘው ለሚሄዱ ሚኒባስ እመክራለሁ፤ ግን ወንበሩን ፈትታችሁ አልጋውን በብሎን እሰሩት፣ አታስበይዱት። የወንበር ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ጣጣ አለው፤ መኪናውም ከበዓል ውጭ ሥራ ይሠራላችኋል።

ስለ ጣሪያ ድንኳን አጭር ልሁን፤ ለጎርጎራ ብቻ ከሆነ አይግዙት። ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ፖርቶ መጋላው መኪናው እየሄደ የሚችለውን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። ዓሣ ልትገዙ ወይም የሱስንዮስን ግንብ ፍርስራሽ ልታዩ ስትሉ ቤታችሁን አጥፋችሁ ነው የምትነዱት። ሁለት ሰው ይተኛበታል፣ ሦስተኛው ልጅ ካለ ጠብ ነው። ዋጋውን የሚመልሰው ጉዟችሁ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮችም የሚቀጥል ከሆነ ነው፤ እዚያ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ከመሬቱ ቅዝቃዜ ከፍ ብሎ መተኛት እዚያ ዋጋ አለው።

ልጆች ላላቸውና ጤነኛ ጉልበት ላላቸው ጎንደሬዎች ምርጫዬ የመሬት ድንኳን ነው። በተተከለበት ይቆማል፣ መኪናው ነፃ ይሆናል፣ ገንዘቡም ብዙ አይደለም። ጉድለቱ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ብቻችሁን አትትከሉ፤ ጠባቂ ያለው ግቢ ጠይቃችሁ፣ ከፍላችሁ እደሩ፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣም ከውሃው ጠርዝ ራቁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ፣ በቀን ሂዱ፣ በቀን ተመለሱ። ይህ ሁሉ ጣጣ የሰለቸው በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለለት።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ድንኳኑን አስዘርግታችሁ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። ወለሉ ከግድግዳው ጋር የተሰፋበት መስመር ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ካልተሠራ ውሃ ያስገባል። ዚፑን ከውስጥም ከውጭም አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል፤ ይጥቆር። ዚፑ ጎርጎራ ላይ ቢበጠስ ጠጋኝ የለም።